ሹሙ ለማን ይመልሳል? በኢሉባቦር የግለሰብ ነፃነትና የመንግሥት ሥልጣን ወሰን

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ12ኛው አንቀጹ ማንኛውም ሰው መኖሪያውን በወደደው ቦታ ለማድረግ ነፃ ነው ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ የሰው መኖሪያ ቤት መድፈርን ይከለክላል። ይህን ሕግ ደርግ አልሻረውም። በ1978 እና በ1979 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ወደ ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሲገባ፣ የሶርና ገባ አውራጃ ገበሬ የገዛ ጎጆውን ጣራ አውርዶ፣ ወጋግራውን በትከሻው ተሸክሞ፣ በገመድ ወደ ተቀየሰው መንደር ሲጓዝ፣ ሁለቱም አንቀጾች በሥራ ላይ ነበሩ። ቤቱን እንዲያፈርስ የፈረደበት ዳኛ አልነበረም። አላፈርስም ብሎ ይግባኝ የሚልበት ቦታም አልነበረም።

በሕግና በፖለቲካ አስተሳሰብ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይኸው ነው። መንግሥት አንድን ሰው እስከ የት ድረስ ሊያዝዘው ይችላል? ሰውየውስ «ከዚህ ወዲያ የእኔ ነው» የሚልበት መስመር የት ላይ ነው? በዓለም ላይ ለጥያቄው የተሰጡት መልሶች ብዙ ናቸው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ከሰው ጋር ከሚተላለቅ ለአንድ ኃያል ሥልጣን ቢገዛ ይሻለዋል ብሎ ተከራከረ። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1859 እ.ኤ.አ.፣ ያገሩ ልጅ ጆን ስቱዋርት ሚል መንግሥት ሰውን ሊያስገድደው የሚገባው ሌላውን እንዳይጎዳ ሲል ብቻ ነው አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የጀርመን፣ የካናዳ፣ የደቡብ አፍሪካና የሌሎችም አገሮች ፍርድ ቤቶች ጥያቄውን ከፍልስፍና አውርደው የችሎት መመዘኛ አደረጉት። መንግሥት መብት ሲገድብ ዓላማው ምንድን ነው? መንገዱ ከዓላማው ጋር ይገናኛል? ከዚህ የቀለለ መንገድ አልነበረም? የሰውየው ጉዳት ከሚገኘው ጥቅም አይበልጥም? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ የሚያልፍ ሹም የለም፤ ቢያንስ በሕጉ ላይ።

በእኛ አገር ስለዚሁ ጉዳይ የሚነገሩ ሁለት አሮጌ ድምፆች አሉ፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ሌላው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። ሁለተኛውን የተናገረው ሰው ንብረቱ ለምን ተወሰደ አይልም፤ በቅሎውን ያህል ነገር በፍርድ ቢያጣ ይችለዋል። የሚያንገበግበው ሳይጠየቅና ሳይሰማ የተነጠቀው ቁራሽ ነው። የነፃነትና የሥልጣን ወሰን በተግባር የሚሰመረው በመብቶቹ ዝርዝር ርዝመት አይመስለኝም። የሚሰመረው ባለሥልጣኑ እርምጃውን ከመውሰዱ በፊት ምክንያቱን ሊከለክለው ለሚችል ሌላ አካል ማስረዳት ግድ ሲሆንበት ነው። የኢሉባቦር የመቶ ዓመት ታሪክ ለዚህ አስተያየት ምስክር ይሆናል።

በመጀመሪያ ነፃነት በሕግ ሳይሆን በርቀት የሚጠበቅ ነገር ነበር። የኢሉባቦር ዋና ከተማ መቱ ዛሬ እንኳ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን የገዙት ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ አገሩ ገና በበቅሎ መንገድ የሚኬድበት ጫካ ነበር። በገባር ሥርዓት የተያዘው ገበሬ ለወታደሩ ያርሳል፣ እህል ይፈጫል፣ አጥር ያጥራል፣ ማር ይገብራል። ሸክሙ ሲበዛበት ያለው መውጫ አንድ ነው፤ ወደ ደኑ ዘልቆ ሌላ ሹም ግዛት መግባት። ከዚያ በፊትም ሆነ በዚያ ዘመን አገሬው የራሱ ሥርዓት ነበረው። የኦሮሞ ሽማግሌዎች በኦዳ ጥላ ሥር ሕግ ይደነግጉ፣ ጉማ (የደም ካሣ) ይፈርዱ፣ ያስታርቁ ነበር። በደኑ ውስጥ ደግሞ ቆቦ የሚባለው ልማድ ነበር። ሰውየው በጫካው ውስጥ አስቀድሞ ድርሻውን ምልክት ያደርጋል፣ ቀፎ ይሰቅልበታል፣ ቡናውን ይለቅምበታል፤ ጎረቤቱም ያንን ያከብራል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ባይኖርም ወሰን ግን ነበረ።

ማዕከላዊውን መንግሥት በዚህ ታሪክ ውስጥ በዳይ ብቻ አድርጎ ማቅረብ እውነትን ማጉደል ነው። ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የባሪያ ንግድ ያቆሰለው አገር ነው። በ1916 ዓ.ም. የወጣው አዋጅና ከዚያ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የሰውን ነፃነት ያስከበሩት የመንግሥትን ክንድ አርዝመው ነው። ባሪያ አሳዳሪው ያኔ «ንብረቴን ነጠቃችሁኝ» ብሎ ነበር። ነፃነት ሁልጊዜ መንግሥት እጁን ሲሰበስብ የሚገኝ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ምዕራፍ መዝለል የለባቸውም። ጉልበተኛ ጎረቤትም ነፃነትን ይነጥቃል፤ እርሱን የሚያስቆም ሥልጣን ሊኖር ግድ ነው።

ሕገ መንግሥት የሚባለው ነገር በአገራችን የተጀመረው በ1923 ዓ.ም. ነው። ያ ሰነድ ያለ ሕግ አለመታሰርን፣ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስን፣ የቤትንና የደብዳቤን ምስጢር ጠቅሷል፤ ነገር ግን ሁሉንም «ሕግ በወሰነው መሠረት» ከሚል ቃል ጋር አሰረው፤ ሕጉን የሚያወጣውም በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ገፋ አድርጎ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ። በዚያን ዘመን ከጎሬ ወይም ከቡሬ ገጠር የተያዘ ሰው 48 ሰዓት ምን እንደሆነ የሚያስረዳው ጠበቃ ከየት ያገኛል? የወንጀለኛ መቅጫው፣ የፍትሐ ብሔሩ፣ የሥነ ሥርዓቶቹ ሕጎች በተከታታይ ወጡ። ከእነርሱም በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ላይ ያለ ሕግ የታሰረን ሰው አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታ ተደነገገ። በወረቀት ላይ ብዙ ነገር ተሟላ። የገባሩ ልጅ ግን ጭሰኛ ሆኖ ቀረ፤ ዳኛውም፣ መሬቱም፣ ጠመንጃውም በአብዛኛው በአንድ ወገን እጅ ነበሩ።

የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 31 ይህን ገለበጠ። በአንድ ቀን ጭሰኝነት ቀረ። ይህ ለኢሉባቦር ገበሬ ነፃነት አልነበረም የሚለኝን ሰው አልሰማውም። እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት ያለ ባለርስት ማረስ፣ ሲሶም እኩልም አለማካፈል፣ በባለርስቱ ደጅ አለመቆም፣ ይህ ሁሉ የክብር ጉዳይ ነው። ይሁንና አዋጁ መሸጥን፣ ማከራየትን፣ በዋስትና ማስያዝንና ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ከለከለ፤ መሬቱንም የሕዝብ ሀብት አድርጎ በገበሬ ማኅበሩ እጅ አስቀመጠ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ የገበሬ ማኅበሩን አጠናክሮ የፍርድ ሸንጎውን ሥልጣን አሰፋ። ከዚህ በኋላ መሬት የሚደለድለው፣ ግብር የሚሰበስበው፣ ኮታ የሚያወርደው፣ ለውትድርና የሚመለምለውና የሚፈርደው አካል አንድ ሆነ። ገበሬው ከባለርስቱ ነፃ ወጥቶ፣ ሊከስሰው የማይችለው ማኅበር አባል ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ የተፈጸመውን መከላከል ያልተቻለው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1977 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ድርቅ የመታቸው ቤተሰቦች በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአውሮፕላን ወደ ምዕራብ ተወሰዱ። በአጠቃላይ ወደ 600 ሺህ ከሚጠጉት ሰፋሪዎች መካከል ከወለጋ ቀጥሎ ብዙውን ድርሻ የተቀበለው ኢሉባቦር ነበር። ሰፈራው ሁለት ዓይነት ነበር። መደበኛ የሚባለው ትልልቅ ሜዳ ላይ በትራክተርና በኅብረት እርሻ የሚካሄድ ሲሆን፣ ስግሰጋ የሚባለው ግን ሰፋሪዎቹን በነባር የገበሬ ማኅበራት መካከል እየከፋፈሉ ማስገባት ነበር። የኢሉባቦር ደጋማና ወይና ደጋ ወረዳዎች የስግሰጋ አገር ሆኑ። ስለ ሰፋሪዎቹ አወሳሰድ፣ ከገበያ ላይ ስለታፈሱትና ከልጆቻቸው ስለተለዩት፣ ብዙ ተጽፏል። ስለ ተቀባዮቹ የተጻፈው ያንሳል። የመቱና የጎሬ አካባቢ ገበሬ ጎጆ እንዲሠራ፣ መሬቱን እንዲያካፍል፣ በሬውን እንዲያውስ ታዟል። ብዙው በእንግዳ ተቀባይነቱ አደረገው፤ ልጅ ተለዋውጠው አብረው ኖሩ። በሕግ ዓይን ግን ሁለቱም ወገኖች አልተጠየቁም። ተጎጂውን ከሞት ማዳን የመንግሥት ግዴታ ነበር። ከሞት የሚያድነው ሥልጣን የሰውየውን «እሺ» ለማግኘት ጊዜ አጣ፤ ጊዜ ማጣቱም ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ።

መንደር ምሥረታው የልማዱ ውጤት ነው። የሰፈራው ሰበብ ረሃብ ነበር፤ የመንደር ምሥረታው ሰበብ ግን ልማት ነው። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ቢሰበሰብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የውኃ ጉድጓድ ይደርሰዋል ተባለ። አገልግሎቱ የተባለውን ያህል አልደረሰም፤ ቤቱ ግን ፈረሰ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዲህ እንደተሰበሰቡ መንግሥት ራሱ በኩራት ይገልጽ ነበር። በቡና አገር ጉዳቱ የተለየ መልክ ነበረው። የኢሉባቦር ገበሬ ቤቱን ከማሳውና ከቡናው አጠገብ የሚሠራው ለወጉ አይደለም። በቆሎው ሲያፈራ ዝንጀሮና ከርከሮ ከደን ይወጣሉ፤ ሌሊት ከማማ ላይ ሆኖ የሚጮህ፣ ቀን ልጅ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ቤቱ ራቅ ወዳለ መንደር ሲዛወር ማሳው ያለ ጠባቂ ቀረ። ጓሮው የነበረው እንሰት፣ ጎመን፣ ባህር ዛፍና ቡና ከሴትዮዋ እጅ ራቀ። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ገበሬ ጠይቆ መልሱን መስማት ይበቃ ነበር። ስለዚህ ሹሙ ምክንያቱን እንዲያስረዳ መገደድ መብት ማስከበር ብቻ አይደለም፤ ስሕተት የሚታረምበት መንገድም ነው።

በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ተበታትኖ የሚኖረው የገጠር ሕዝብ እንዲሰባሰብ መንግሥት እንደሚያበረታታ የሚል ቃል በውስጡ ይዟል። በዚያው ሰነድ ውስጥ የመንቀሳቀስና መኖሪያ የመምረጥ መብትም አለ። በአንድ ገጽ ላይ መብቱ፣ በሌላ ገጽ ላይ መብቱን የሚያፈርሰው ፖሊሲ ተቀምጠዋል፤ በሁለቱ መካከል የሚዳኝ ነፃ ፍርድ ቤት ግን የለም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና ጫናው ሲላላ፣ በብዙ ቦታ ገበሬው መንደሩን አፍርሶ ወደ ቀድሞ ማሳው ተመለሰ። ፍርድ ቤት አልሄደም። እንደ አያቶቹ በእግሩ ወሰነ።

ከኢሉባቦር ገጠር፣ ከሱጴ፣ የተነሣው ደራሲ በዓሉ ግርማም ከዚሁ ዘመን ጋር መነሣት አለበት። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን የደረሰ የመንግሥት ሰው ነበር። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለው ልብ ወለዱ ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተነሣ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ክስ አልቀረበበትም፣ ማዘዣ አልወጣበትም፣ ፍርድ አልተነበበለትም። በፍርድ የተቀጣ ደራሲ ቢያንስ በአንድ መዝገብ ላይ ስሙ ይገኛል፤ የበዓሉን ስም የያዘ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከዚህ ሁሉ ታሪክ በኋላ ተጻፈ፤ በቃሉም ከሁሉ የበለጠ ነው። አንቀጽ 17 ነፃነትን፣ አንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን መብትና 48 ሰዓቱን፣ አንቀጽ 26 ግላዊ ሕይወትን፣ አንቀጽ 32 የመዘዋወርንና መኖሪያ የመምረጥን ነፃነት ይዘዋል። አንቀጽ 40 አርሶ አደሩ ከይዞታው ያለመነቀል ዋስትና አለው ይላል። አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘት መብትን ይሰጣል። ነገር ግን ዳኛው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ተጋጨ ብሎ ሲያምን ራሱ አይሽረውም፤ በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የፖለቲካ ተወካዮች የተሰበሰቡበት ቤት ነው። መቱ ላይ የተቀመጠ የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ በፊቱ የቆመውን ሰው መብት ለመጠበቅ አዲስ አበባ ያለ ሌላ ቤት እስኪወስን መጠበቅ አለበት ማለት ነው። ይህ አሠራር ለብሔር ብሔረሰቦች ስምምነት ሲባል የተመረጠ መሆኑን እረዳለሁ፤ ለግለሰቡ ግን መንገዱን እጅግ አርዝሞበታል።

ፍርድ ቤትን ማለፍ የሚጀምረው በአዋጅ ሳይሆን በትንንሽ ነገር ነው። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ፣ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የዋስትና መብታቸውን ጠበቁላቸው። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ፤ ምክር ቤቱም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ሕግ አወጣ። የአቶ ስዬ ፖለቲካ ምንም ይሁን ምን፣ ያን ቀን የተሸነፈው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት ልቀቁት ያለውን ሰው ፖሊስ አለመልቀቁ በየወረዳው የተለመደ ነገር ሆኗል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. በኦሮሚያ ፖሊስ ጣቢያዎች ላይ ባወጣው የክትትል ሪፖርት፣ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የተያዙ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ያልቀረቡ፣ ዋስትና ተፈቅዶላቸው ያልተፈቱ፣ በሌላ ዘመዳቸው ምትክ የታሰሩ ሰዎች እንዳሉ ገልጿል። በዘመድ ምትክ ሰው ማሰር በየትኛውም አዋጅ የለም። አባትን አጥቶ ልጅን ያሰረ ፖሊስ የሚጠይቀው ቢኖር ኖሮ አያደርገውም ነበር።

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ይህን ሁሉ ሕጋዊ ልብስ ያለብሰዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን እንዲያውጅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት ጉባኤ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነም በ15 ቀን ውስጥ እንዲያጸድቀው፣ እስከ ስድስት ወር እንዲቆይና በየአራት ወሩ እንዲራዘም ይፈቅዳል። አንድ መርማሪ ቦርድ ተቋቁሞ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግም ያዝዛል። መስከረም 28 ቀን 2009 ዓ.ም. በታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ቦርዱ በመጀመሪያው ወር ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች መታሰራቸውን ገለጸ። ሁለተኛው በየካቲት 2010 ዓ.ም. ሲታወጅ 88 ተወካዮች በምክር ቤቱ ተቃወሙት፤ ይህ በዚያ ምክር ቤት ታሪክ ያልታየ ነገር ስለ ነበር የቆጠራው ውጤት ራሱ ክርክር አስነሣ። ከዚያም በ2012 የኮሮና፣ በ2013 የትግራይ፣ በ2014 የጦርነቱ፣ በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የታወጁት ተከተሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ ስድስት ማለት ነው።

ከአዋጆቹ ብዛት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አንቀጽ 93 የማይታገዱ ብሎ የዘረዘራቸው መብቶች ማነስ ነው። የመንግሥቱ ስያሜ፣ ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅ፣ እኩልነት፣ የራስን ዕድል በራስ መወሰን፤ ዝርዝሩ በዚህ ያበቃል። በሕይወት የመኖር መብት እንኳ በዚያ ዝርዝር የለም፤ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን ይህንን መብት በማንኛውም ሁኔታ ማገድን ይከለክላል። ያለ ሕግ ታስሬያለሁ ብሎ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብትም ሊታገድ አይገባም፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ይህንን በ2001 እ.ኤ.አ. በግልጽ ጽፎታል። አገር በአደጋ ላይ ስትሆን መንግሥት ሰው ሰብስቦ ሊያስር ይችላል፤ ለምን እንዳሰረው ግን ያኔም ሊጠየቅ ይገባል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ማን እንዳዘዘና በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ለሕዝብ አልተነገረም። ሥጋቱ እውነተኛ ነበር፤ ደም ፈስሷል። ያንን ሥጋት ለአንድ ዳኛ ማስረዳት ግን ከባድ ሥራ አልነበረም።

አሁን ወደ መሬቱ ልመለስ፤ በኢሉባቦር ሰው ከመንግሥት ጋር የሚገናኘው ከሁሉ በላይ በመሬትና በቡና ነውና። የያዩ ደን ቡና ባዮስፌር ሪዘርቭ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ። ስፋቱ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከ27 ሺህ ሄክታር የሚበልጠው እምብርት ክልል ተብሎ ሰው እንዳይጠቀምበት ተከልሏል። የዱር ቡና ዝርያ ለዓለም የሚጠበቅበት ቦታ ነው፤ መጠበቁም ትክክል ነው። ደኑ ሲጨፈጨፍ ዝም ያለ መንግሥት ለመጪው ትውልድ መብት አልቆመም ማለት ነው። ያም ሆኖ በእምብርቱ ክልል ውስጥ አባቱ ቡና የለቀመበት፣ ቀፎ የሰቀለበት ሰው አለ። የቆቦ ልማዱ የይዞታ ደብተር የለውም። ደብተር የሌለው ይዞታ ሲከለከል ካሣም አይታሰብለትም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ማወቁ ትልቅ እርምጃ ነው፤ አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው አሠራርም በአካባቢው ገበሬውን ከጠባቂው ጋር አስማምቷል። ገበሬውን ፈራሚ ያደረገ ክልከላ ከተጫነ ክልከላ ይልቅ ደኑን ጠብቋል የሚሉ የደን ሰዎች ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከዚሁ ደን አጠገብ በ2004 ዓ.ም. የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ተጀመረ። ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ከ11 ቢሊዮን ብር በላይ በሆነ ውል ተሰጠ፤ ከያዩ የድንጋይ ከሰል በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሎ ታቀደ። ለአገሪቱ ገበሬ ማዳበሪያ ማምረት የሕዝብ ጥቅም አይደለም የሚል ሰው አይገኝም። ገበሬዎች ከመሬታቸው ተነሡ፤ ፋብሪካው ግን በቀጠሮው ሳያልቅ ተጓትቶ ቆመ። የተነሡት ሰዎች በምን ሕግ እንደ ተነሡ መመልከት ያስፈልጋል። በሥራ ላይ የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ነበር። በዚያ አዋጅ መሠረት ገበሬው አቤት ሊል የሚችለው በካሣው መጠን ላይ ነው፤ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም መዋሉ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ለመጠየቅ ግን በር አልነበረውም። ከዚህ የሚብሰው የይግባኙ ቅድመ ሁኔታ ነው። ይግባኝ ባዩ መሬቱን ያስረከበበትን ሰነድ ካላቀረበ ይግባኙ አይታይለትም። በቅድሚያ ውጣ፣ በኋላ ተከራከር ማለት ነው። ቡናው ከተቆረጠና ዶዘሩ ካለፈበት በኋላ ዳኛው ምን ሊመልስለት ይችላል? ገንዘብ ብቻ። ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት የፈጀን፣ ከዚያ በኋላ ለልጅ ልጅ የሚያፈራን የቡና ዛፍ በአማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ አስልቶ መክፈል የሕጉ ቀመር ነበር። በተጓተተው ፋብሪካ ምክንያት ደግሞ ገበሬው መሬቱን አጥቶ፣ የአገሩ ሰው ማዳበሪያውን አላገኘም። ውሳኔውን ያስተላለፈው አካል ዕቅዱን አስቀድሞ ለሚጠይቅ ዳኛ የማስረዳት ግዴታ ቢኖርበት ኖሮ፣ «ሜቴክ ይህን ከዚህ በፊት ሠርቶ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችል ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን በከፊል አርሟል። ባለይዞታው በማስለቀቂያ ትእዛዙ ላይም ቅሬታ ማቅረብ ይችላል፤ አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ተዘርግተዋል። መሻሻሉን አልክድም። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን አካላት የሚያቋቁመው ያው መሬቱን የሚወስደው አስተዳደር ነው፤ የኢሉባቦር ሰው ከገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ጀምሮ ይህን አሠራር በደንብ ያውቀዋል።

ቡናውስ? በደርግ ዘመን የመንግሥት ድርጅት ከዓለም ገበያ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገዛው ነበር። በ2000 ዓ.ም. የቡና አዋጅ ቁጥር 602 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ሰብሳቢ እሸቱንና ጀንፈሉን ይገዛ፣ አቅራቢው አበጥሮ ወደ በደሌ መጋዘን ያስገባው፣ ከዚያ በምርት ገበያው ይሸጥ ነበር። ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና በአገር ውስጥ መሸጥ ተከለከለ። ከቤት ፍጆታ ያለፈ ቡና ያለ መሸኛ ይዞ ኬላ የደረሰ ሰው ሊወረስበት ይችላል። ቡናውን ያበቀለው ሰው ራሱ ቢሆንም። የውጭ ምንዛሪ ለአገር ደም ነው፤ ስለዚህ ሕጉ ዓላማ የለውም አልልም። አዋጅ ቁጥር 1051 በ2009 ዓ.ም. አምራቹ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚልክበትን መንገድ ሲከፍት ግን አገሪቱ አልከሰረችም። ያ ማለት ለብዙ ዓመታት ከዚያ የቀለለ መንገድ ነበረ ማለት ነው። ከላይ ያነሣሁት የዓለም ፍርድ ቤቶች መመዘኛ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኬላ ላይ በቆመ ተቆጣጣሪና በአንድ ጆንያ ጀንፈል መካከልም ጥያቄው ይሠራል።

ሰፈራም ቢሆን ከልምድ ተምሯል። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ከሐረርጌ ወደ ጨዋቃ፣ በደዴሳ ሸለቆ፣ ሰዎች ሲሰፍሩ ፈቃደኝነት የፕሮግራሙ ምሰሶ ተብሎ ታወጀ። ሰፋሪው አስቀድሞ ወኪል ልኮ ቦታውን እንዲያይ፣ ለሦስት ዓመት የቀድሞ ይዞታው እንዲጠበቅለት፣ እስከ ሁለት ሄክታር እንዲሰጠው ተወሰነ። ችግሩ ብዙ ነበር፤ ወባ፣ የመንገድ እጦት፣ የደን መመንጠር። የመመለስ መብት ግን በጽሑፍ ነበረው፤ የተመለሱም አሉ። ከ1977ቱ ጋር ሲነጻጸር ይህ የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት ነው። ልዩነቱ የመጣውም የሰፋሪው «አልፈልግም» ማለት በውሳኔው ውስጥ አስቀድሞ ቦታ ስለተሰጠው ነው።

በ2012 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት አዋጅ ቁጥር 1183ን፣ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁን፣ አወጣ። በእኔ እምነት ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የቀረበው ሕግ ይህ ነው። መሥሪያ ቤቱ መመሪያ ሲያወጣ ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት እንዲሰበስብ፣ ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ እንዳይሆን፣ በሰው ላይ ውሳኔ ሲሰጥ ሰውየውን ሰምቶ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጽ፣ የተበደለው ሰውም ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲመረመርለት እንዲጠይቅ ያደርጋል። አዋጁ ግን የክልል መሥሪያ ቤቶችን አይገዛም። የመቱ፣ የጎሬ፣ የሁሩሙ፣ የያዩ ወይም የአሌ ሰው ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር የሚገናኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ዘወትር የሚያዝዙት ቀበሌው፣ የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ የቡና ተቆጣጣሪው፣ የሚሊሻው አዛዥ ናቸው። የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ፣ ተመሳሳይ ግዴታ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ እንዲወርድ ቢደነግግ፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገረው ገበሬም በቋንቋው የተጻፈ ምክንያት በእጁ ይዞ ከቢሮው ቢወጣ፣ በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ምክንያት ፍርድ ቤት ቀርቦ ይመረመራል። እስካሁን በተነገረው ታሪክ ሁሉ የጎደለው ይህ ነበር። በመቱ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማሩት ልጆች እንዲህ ያለ የክልል አዋጅ አርቅቀው ለጨፌው ቢያቀርቡ፣ በየቀበሌው ያለው የአርሶ አደሩ አቤቱታ ለረቂቁ የሚበቃ ጥሬ ዕቃ ይሰጣቸዋል።